የሥነ ሕንፃ ክበብ ዘገባ፦ ማዕዘኑን ማን ተሸከመው?

ዘንድሮ ክበባችን የአንድ ሰው ሥራ ይዞ ከረመ። ሰውየው ሆላንዳዊው አርክቴክት ያን ዳውከር ነው።

መስከረም ላይ ሐሳባችን የብዙ አርክቴክቶችን ሥራ ማየት ነበር። አንድ ፎቶ ግን አስቀረን። አምስተርዳም ውስጥ፣ በመኖሪያ ሕንፃዎች መሀል ባለ ግቢ የቆመ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ነው የተጠናቀቀው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና «ቲቸር፣ ማዕዘኑን ማን ተሸከመው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኛ ኮለን (ተሸካሚ ምሰሶ) ማዕዘን ላይ ማየት ለምደናል። ዳውከር ኮለኖቹን ከማዕዘኑ አርቆ በጎኖቹ ላይ አቆማቸው። የአርማታው ወለል ከዚያ አልፎ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ግድግዳው ምንም ስለማይሸከም ቦታውን ለመስታወት ለቀቀ። በላይኞቹ ፎቆች ሁለት ሁለት ክፍሎች አንድ ክፍት በረንዳ ይጋራሉ። በረንዳው ወደ ደቡብ ዞሯል፤ በዚያ አገር ፀሐይ የምትገኘው በዚያ በኩል ነውና። ልጆቹ ውጭ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ለታመሙ ልጆች ነበሩ። ይሄኛው ለጤነኛ ልጅ ተብሎ ነው የተሠራው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ኅዳር ላይ ሞዴሉን በካርቶን ጀመርን። የመጀመሪያው ማዕዘኑ ላይ ጎበጠ። ልጆቹ አፍርሰው ከወለሉ ሥር ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ጨመሩለት፤ ቀጥ አለ። ጭነት በየት በኩል እንደሚወርድ ያን ቀን በእጃቸው አወቁ።

ሁለተኛው ሴሚስተር በሆላንዷ ሂልቨርሰም ከተማ ያለው ዞነስትራል ነበር። የአልማዝ ሠራተኞች ማኅበር ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ያሠራው ማገገሚያ ነው። ዳውከር ከአርክቴክቱ ባይፉትና ከመሐንዲሱ ዊበንጋ ጋር ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1928 ተከፈተ። በሽታው በጥቂት አሥርት ዓመታት ይጠፋል ብለው ስላመኑ ሕንፃውን ቀለል አድርገው ሠሩት። በሽታው ሲቀንስ ሕንፃው ተጎሳቆለ፤ በኋላ ታደሰ። «ታዲያ ለምን አደሱት?» በሚለው ልጆቹ ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። ግማሾቹ ዛሬም አልተስማሙም።

ዳውከር እ.ኤ.አ. በ1935 በ44 ዓመቱ አረፈ። የጀመረውን የኾይላንድ ሆቴል ባይፉት ጨረሰለት። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሞዴሉ ቤተ መጻሕፍት መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ እዩት፤ በማዕዘኖቹ በኩል ዘልቆ ያልፋል።