ወረፋ የያዝንለት መጽሐፍ
የንባብና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወጉ በጥቅምት ሥራ ጀመረ። አባላት ተመዘገቡ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ዕቅድ ተጻፈ። የግጥም ውድድሩም፣ የጥያቄና መልስ ፕሮግራሙም በዕቅዱ መሠረት ተካሂደዋል። በየዓመቱ የሚደረጉ ስለሆኑ ብዙ አልልም። ዓመቱን የወሰደብን ዕቅዱ ውስጥ ያልነበረ አንድ መጽሐፍ ነው።

ያመጣችው የ10ኛ ክፍል አባላችን ናት። አክስቷ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዙት ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ነው፤ ሽፋኑ በፕላስተር ተይዟል። አንዲት ወጣት እናቷን ከቀበረች በኋላ ቁም ሣጥን ስታስተካክል የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ታገኛለች። የጉዲፈቻ ስምምነት ነው። ልጅ ተብላ የተጻፈችው እሷ ራሷ ናት። ከዚህ በላይ አልናገርም። የመጽሐፉን ስምም አልጽፍም፤ ገና ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ይህን መጽሔት ያነባሉ።

ልጅቷ ጨርሳ ለጓደኛዋ አዋሰች። ጓደኛዋ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዴስክ ሥር ስታነብ ተያዘች። መጽሐፉ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ገባና እዚያው ከረመ። ላስመልስ ብሄድ ዩኒት ሊደራችን ቀና ሳይሉ «ትንሽ ቀርቶኛል» አሉኝ።

ሲመለስ ፈላጊው በዝቶ ነበር። ጸሐፊያችን ደብተር ላይ ወረፋ አወጣች። ለአንድ ሰው አንድ ሳምንት ይሰጠዋል። ያሳለፈ በሚቀጥለው መጽሐፍ ጭራ ይሆናል። ሁለተኛውን ሕግ ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፦ ምስጢሩን ለሌላ የተናገረ በሚቀጥለው መጽሐፍ ወረፋ የለውም። ይህ ሕግ እኔ ከማወጣው ማንኛውም ሕግ በላይ ተከብሯል። ረቡዕ ረቡዕ ስንወያይ የጨረሱት መጀመሪያ ከክፍል ይወጡ ነበር። ፊታቸው ያሳብቅባቸዋላ!

ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ በእርዳታ የመጡ፣ ካርቶናቸው እንኳ ያልተከፈተ መጻሕፍት አሉ። ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት ናቸው። ግን ማንም «ጨረስሽ ወይ? መቼ ነው የምትሰጭኝ?» ብሎ አይጠይቅባቸውም። ተማሪዎቻችን ማንበብ አይወዱም ሲባል በየስብሰባው እሰማለሁ። እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። ጓደኛው የሚያውቀውን ነገር እሱ ሳያውቅ መቅረቱ ልጅን እንቅልፍ ይነሳዋል። አንድ ቅጂ ብቻ መኖሩ ጠቀመን እንጂ አልጎዳንም።

መጽሐፉ አንድ ጉድለት ነበረው። ከመሐሉ አንድ ቅጠል የለም። አዋላጇ አፏን ከፍታ «ያን ሌሊት...» ስትል ገጹ ያልቃል። የሚቀጥለው ገጽ ላይ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው። ልጆቹ ሊያብዱ ደረሱ! እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። የጎደለውን ገጽ እያንዳንዱ ራሱ እንዲጽፈው አዘዝኩ። ከመጡት ውስጥ የተሻሉት በግድግዳ ጋዜጣ ወጡ፤ አንዱ በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ተነበበ። በግጥም ውድድሩ ብዕር አንስቶ የማያውቅ ልጅ እዚህ ላይ ሦስት ወረቀት ጽፎ መጣ።

በጥር ወደ ወመዘክር ሄድን። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ የአገር ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በአገራችን የሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ እዚያ ይቀመጣል። ይህን በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ፣ ሰሚ አልነበረም። ያን ቀን ግን ልጆቹ መጠየቂያውን ሞልተው፣ መጽሐፉ እስኪመጣ ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አልነቀሉም። የእጅ ጽሑፏ የሚያምረው አባላችን ቅጠሉን ገለበጠችው። አሁን በእኛ መጽሐፍ ውስጥ ተለጥፏል። ያነበቡት ከደራሲው የእኛ ይሻላል ብለው ተከራከሩ። ስለ አንዱ ጽሑፍ እኔም እስማማለሁ።

ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት የወሰደው ክርክር ነው። የዜግነት ትምህርት መምህራችን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ይዘው መጡልን። ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል ሲሉ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። «መምህር፣ መጽሐፉ ውስጥ አባትየው ሲፈርም 23 ዓመቱ ነው!» ደራሲው ተያዘ ተብሎ ተጨበጨበ። ባልና ሚስት አብረው ሲያደርጉ ግን አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። ሚስትየው ትበልጠዋለች። ደራሲው ለጥቂት ተረፈ።

ሕጉ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥም ይናገራል። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየትም ያያል። ልጆቹን የነካቸው ይህ ነው። «ታዲያ ለምን ደበቋት?» ሆነ ጥያቄው። የውጭ አገር ሰዎች ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ልጅ እንዳይወስዱ በ2010 ዓ.ም. መከልከሉም ተነሣ። ከዚያ በፊት ሄደው ያደጉት ዛሬ ወላጆቻቸውን ፍለጋ ሲመጡ በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ የሚናገረው ነበረው።

ከውይይቱ በፊት አንድ ነገር አሳስቤ ነበር፦ ማንም ስለ ማንም ቤት አይጠይቅ። በአያት፣ በአክስት ወይም በአሳዳጊ እጅ የሚያድግ ልጅ በየክፍሉ አለ፤ ልብ ወለድ ሰበብ ሆኖ የማንም ቁስል እንዲነካ አልፈለግሁም። የፈለገ ግን ተናገረ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ የአያቱን አገር ጠቅሶ፣ በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ በሽማግሌ ፊት፣ ዘመድና ጎረቤት እያየ እንደሚደረግ ነገረን። «እኛ ጋ ሁሉም ያውቃል፤ ልጁም ያውቃል። ይሄ መጽሐፍ እኛ ሰፈር ቢሆን ገጽ አምስት ላይ ያልቅ ነበር» አለ። ሳቁ ከበረደ በኋላ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ልጅ ሳለች መንገር ያማታል የሚሉ ነበሩ። ከሰው አፍ ስትሰማው የባሰ ያማታል የሚሉም ነበሩ። አንዷ የሙሴን ታሪክ አነሣች። ወላጅ እናቱ በፈርዖን ልጅ ተቀጥራ የገዛ ልጇን በደመወዝ አጠባች፤ እህቱ ደግሞ ሩቅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። «ከዚህ የበለጠ ልብ ማንጠልጠል የታለ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

መጽሐፉን ራሱን ብጠየቅ ጥሩ ነው እላለሁ እንጂ ትልቅ ነው አልልም። መጨረሻው አካባቢ አጋጣሚው ይበዛል፤ ሁሉም ሰው አንድ ሆቴል በር ላይ ይገናኛል። ልጆቹም ይህን አይተውታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደራሲ ሲተቹ የሰማኋቸው እዚህ ላይ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት ይጀመራል። መጽሐፉ በክረምት እኔ ዘንድ ይቆያል፤ ወረፋው ካለፈው ስም ይቀጥላል። ቤታችሁ የተቀመጠ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ካለ ይዛችሁ ኑ። ቅጠል ቢጎድለውም ግድ የለም።