እማዬ፣ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው ላልሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ቪዛ ማግኘትሽን ከሰማን ወዲህ ቤቱ ሁሉ የሚያወራው ስላንቺ መምጣት ብቻ ነው።

«ወደ አሜሪካ ሲኬድ ለምን ከመመለሻው ይረዝማል? መሀል መንገድስ ለምን ያርፋል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ታናሼ ታንብብልሽ ብዬ ጻፍኩት።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ አሥራ አራት ጊዜ ደርሶ መልስ በይው። ከዚህ ወደ አገር ቤት አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት አካባቢ ይበርራል። ወደዚህ ሲመጣ ግን ነዳጅ ሊሞላ ስለሚያርፍ ጉዞው 16፣ 17 ሰዓት ይፈጃል።

ዋናው ምክንያት የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩም ክንፉም ጉልበት የሚያገኙት ከአየሩ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ከባድ ጭነት ይዞ መነሳት ያስቸግራል። ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ደግሞ ብቻውን ብዙ ቶን ይመዝናል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና ዝቅ ያለ አገር አርፎ ይሞላል። ባለፉት ዓመታት አየርላንድ ደብሊንም፣ ቶጎ ሎሜም ሲያርፍ ነበር። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቢሾፍቱ አጠገብ የታሰበው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ችግሩን ያቀለዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነፋሱም አለበት። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስትመጪ ፊት ለፊት ይገጥምሻል፤ ስትመለሺ ከኋላ ይገፋልሻል።

እና አደራሽን፣ አውሮፕላኑ መሀል ላይ ሲወርድ «ምን ተበላሸ?» ብለሽ እንዳትደነግጪ። ደረስኩ ብለሽም እንዳትነሺ። አስተናጋጆቹ አማርኛ ይችላሉ፤ ጠይቂያቸው። ሌሊቱም አልነጋ ቢልሽ አትጨነቂ። ወደ ምዕራብ ስለምትበሪ ነው። እኛ ጋ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ከእናንተ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ እግርሽ ነው። ያን ያህል ሰዓት ቁጭ ሲባል ያብጣል። ለመነሳት እንዲመችሽ መተላለፊያው ጋ ያለውን ወንበር እይዝልሻለሁ። ቶሎ ቶሎ ተነስተሽ ወዲያ ወዲህ በይ፣ ውኃም ጠጪ። የደም ግፊት መድኃኒትሽን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ በእጅሽ ይሁን።

ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። ከፋሲካ በፊት ነው የምትመጪው ወይስ በኋላ? በጾሙ ከሆነ የጾም ምግብ ቀድሜ ላዝዝልሽ።

ልጅሽ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ