ዋቱንም ጻፉልን

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲጽፍ ፍጥነት፣ ራምና ዋጋ ሁሌም አሉ። ስንት ዋት እንደሚበላና ምን ያህል እንደሚሞቅ ግን አይነሳም። እኔ ኮምፒውተር ጠግኜ ነው የማድረው። የዚህ ጣጣ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ስለሚመጣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። «ከገዛሁት ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ይንቀረፈፋል። አርጅቷል መሰለኝ፣ ሌላ ልግዛ እንዴ?» አለችኝ። ሙቀቱን ሳየው 98 ዲግሪ። ከፈትኩት። ፋኑ ፊት ባሉት ቀጫጭን ብረቶች ላይ አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። በጥፍሬ ብስበው አንድ ላይ ተልጦ መጣ። የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ላይ የተቀባው፣ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠርጌ አዲስ ቀባሁለት። ያንኑ ሥራ ስሰጠው 78 ላይ ቆመ፤ ፍጥነቱም ተመለሰ። ላፕቶፑ አላረጀም ነበር። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሌላ ነገር የለውም። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ደህና ማሽኑን ይጥላል! ያንገበግበኛል።

አቧራስ ይጠረጋል። የሚከብደኝ ሰው ሲገዛ የሚነገረው ቁጥር ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ኮር አይ9-13900ኬ 125 ዋት ይባላል። ይህ መነሻው ነው፤ ሥራ ሲጠነክርበት እስከ 253 ዋት ይስባል። ሁለቱም ቁጥሮች በኩባንያው ሰነድ ላይ አሉ፣ ሰው ጆሮ የሚደርሰው ግን የመጀመሪያው ነው። የኤኤምዲው ራይዘን 9 7950ኤክስም 170 ተብሎ እስከ 230 ይሄዳል። 125ን አምኖ ትንሽ ማቀዝቀዣ የገጠመ ሰው ከባድ ሥራ ሲጀምር የከፈለበትን ፍጥነት አያገኝም።

ያ ሁሉ ዋት የሚሄደው ደግሞ የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት ለመጭመቅ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም መጨመር አለበት፤ ፍጆታው ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር (ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ) ነው የሚያድገው። ፍጥነቱን ሳትነኩ ቮልቴጁን ብቻ በ10 በመቶ ብታወርዱት ፍጆታው 19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እኔ የራሴን ራይዘን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ገብቼ ኢኮ ሞድ በሚባለው ዋት ቆጣቢ አሠራር ላይ አድርጌዋለሁ። ቪዲዮ ሳዘጋጅ የምትዘገየው ጥቂት ናት፤ የፋኑ ጩኸት ግን ቀረልኝ። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ ብዙ ጊዜ ቱርቦውን፣ ማለትም ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበትን አሠራር፣ ያጠፋዋል። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ለሚጽፉ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለዚህ አዲስ ማሽን ስታስተዋውቁን ሁለት ቁጥሮች ጨምሩልን። አንደኛው ፕሮሰሰሩ የሚስበው ከፍተኛ ዋት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ከሠራ በኋላ የሚቀረው ፍጥነት፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሳይሆን ያኔ የተለካው።

ከአክብሮት ጋር፣
ኮምፒውተር ጠጋኝ አንባቢያችሁ