የተሰበረው ሲኒ እንደተሰበረ ይቆይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ደጃችን ወርዶ ልጆቹን ከሜዳ ወደ ቤት ስለሚሰበስባቸው፣ እኔም እንደ ብዙ የደሴ አያቶች ከሰዓት በኋላውን ከልጅ ልጆቼ ጋር ቶምና ጄሪን በማየት አሳልፋለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ በቅርቡ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው፦ «አባባ፣ ትናንት የሰበሩት ሳህን ዛሬ እንዴት ዳነ?» ለጊዜው መልስ አጣሁላት። እያደር ሳስበው ግን፣ ይህ የምንወደው ካርቱን ምን እንደጎደለው ልጅቱ በአንድ ጥያቄ ጨርሳዋለች።

ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጡት የመጀመሪያው ፊልም፣ ድመቱ ገና ቶም ሳይባል ጃስፐር በሚል ስም ነበር የቀረበው። የቤቱ ሠራተኛ አንድ ዕቃ እንኳ ደግሞ ቢሰብር ከቤት እንደምታባርረው ታስጠነቅቀዋለች፤ አይጡም ይህን ሲያውቅ ብርጭቆ አንሥቶ «ልልቀቀው?» በሚል አኳኋን ያስጨንቀዋል። ድመቱ በመጨረሻ መባረሩ አልቀረለትም። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ሀብት እዚህ ላይ ነበር፤ አሳዳጁም የሚያጣው ነገር ነበረውና። ሁለቱ ባለሙያዎች እስከ 1958 በሠሯቸው 114 አጫጭር ፊልሞች ሰባት የኦስካር ሽልማት ያገኙት ያለ ነገር አይደለም፤ እኔም ብሆን ከልጆቹ ባላነሰ እስቃለሁ። ይሁን እንጂ ቶም ዛሬ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ያመሸ እንደሆነ ነገ ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ስለሚነሣ፣ ልጆቹ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ብለው የሚሰጉበት ምክንያት የለም።

ታሪኩ ጠንከር ይበል ስል ፍንዳታና ጩኸት ይጨመርበት ማለቴ አይደለም፤ እሱስ ሞልቶ ተርፏል። ሐዘኑ ይክበድ ማለቴም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው አንድ ክፍል ሁለቱም በፍቅር ተከድተው የባቡር ሐዲድ ላይ ተክዘው ተቀምጠው ሲያበቃ ባየሁ ጊዜ፣ ልጆቹ ሳያዩት ቻናሉን ለመቀየር ተጣድፌያለሁ። የምመኘው የተደረገው ነገር እንደተደረገ የሚቆይበትን ታሪክ ነው።

እስቲ ቤቱን እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ እናድርገው፤ ባለቤቷም አንዲት አሮጊት ይሁኑ፤ ታሪኩም እንደ ቡናችን በአቦል፣ በቶናና በበረካ ይከፈል። በአቦሉ ድመቱ አይጡን ሲያባርር፣ እማማ ከእናታቸው ከወረሷቸው ስድስት ሲኒዎች አንዱ ይሰበራል። ከዚያ ወዲያ በሚመጣው ክፍል ሁሉ ረከቦቱ ላይ አምስት ሲኒ ብቻ ይደረደር፤ ስድስተኛዋ ጎረቤት ሌላው ጠጥቶ እስኪጨርስ ትጠብቅ። ማንም ስለ ሲኒው ቃል አይናገር። ድመቱ ግን ቡና በተፈላ ቁጥር ዐይኑን ከረከቦቱ ይመልስ።

ቶናው ዝናቡ የቀረበት ዓመት ነው። ጓዳ ያለው ጎታ እየጎደለ ሄዶ ፍርፋሪ ሲጠፋ አይጡ ለስደት ይነሣል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ ያሳለፈ የወሎ ሰው የጎደለ ጎታ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አይፈልግም፤ ለልጅ ይህ አይነገርም የሚሉኝ ቢኖሩ ግን፣ እኛ ራሳችን ስለ ክፉ ቀን የሰማነው በልጅነታችን፣ እሳት ዳር ተቀምጠን እንደነበር አስታውሳቸዋለሁ። ድመቱ ጠላቱ ሊለቅለት ነውና ይፈነድቃል፤ ወዲያው እማማ ለጎረቤታቸው «አይጥ ከሌለ ድመት ምን ይሠራልኛል? የራሴን አፍ መቼ ቻልኩት?» ሲሉ ይሰማል። እንግዲህ ያን ሌሊት የራሱን ወተት ከአይጡ ጉድጓድ አፍ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። አይጡም «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት ከእናቱ ሰምቶ ያደገ ስለሆነ፣ ወተቱን እያሸተተ፣ እየተራበ፣ ሳይቀምስ ያድራል። ድመቱ ያዘነ ይሁን ወይስ አይጡን ሊያሰባው የፈለገ፣ ተመልካቹም አያውቅም። እኔ ድራማ የምለው ይህችን ሌሊት ነው።

ለዚህ ንግግር አያስፈልግም። ነባሮቹ ፊልሞች ያለ ብዙ ቃል ታሪክ የሚነግሩን በስኮት ብራድሊ ሙዚቃ እንደሆነ ሁሉ፣ እኛም ክራርና ማሲንቆ አለን፤ ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ደግሞ ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው። ሩጫውን በባቲ፣ የጎታውን መጉደል በአምባሰል ባደርገው ደስ ይለኛል። (ትዝታን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ገና ሲጀምር የሚያስለቅስ ታሪክ አልወድም።)

ቶምና ጄሪ ባለቤት ስላላቸው ስማቸውን እንውሰድ አልልም። አገራችን ግን የካርቱን ባለሙያዎች አሏት፤ ድመትና አይጥም በየቤቱ አሉ። ጋዜጣዎም በልጆች ገጹ ላይ አቦሉንና ቶናውን አትሞ በረካውን አንባቢ ልጆች እንዲጨርሱት ቢጋብዝ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያስቡ እንደማይጠፉ እርግጠኛ ነኝ።

እኔ በበኩሌ በረካው ላይ አንድ አነር ከጫካ መጥቶ አይጡን ሊበላ ሲል ድመቱ እንዲጋፈጠው፣ በትግሉም ጆሮው እንዲቀደድ፣ ዝናቡ ሲመለስና ጎታው ሲሞላ ደግሞ ቁስሉ እንዲሽር አድርጌ ነበር። የልጅ ልጄ እስከ መጨረሻው ካዳመጠችኝ በኋላ ጆሮውን አልተቀበለችኝም። «አባባ፣ ከተቀደደ ተቀደደ ነው» አለችኝና፣ ድመቱን አንድ ጆሮውን ተርትራ በደብተሯ ላይ ሳለችው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አያት፣ ከደሴ