ጆሮሽን ተመርመሪ

ለልጄ ለእመቤት፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምቱን አልወደደውም። ወንድምሽ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ነገር ሹክ አለኝ። በባንኩ መስኮት ደንበኛ ሲያናግርሽ ታስደግሚያለሽ አሉ፤ ከኋላሽ ሲጠሩሽም አትዞሪም። ጆሮሽን ተመርመሪ።

የዘጌው አጎቴ መስማት የተሳነው ሆኖ የተወለደ አይደለም። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው መጀመሪያ የወፍ፣ ቀጥሎ የሴትና የልጅ ድምፅ የጠፋው። አንድ ጠዋት ቡና ጭነን በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ስንመጣ የሞተር ጀልባ ከኋላው ደረሰ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እጮኻለሁ፤ እሱ በቀርከሃው ግራ ቀኝ እየቀዘፈ ይስቅብኛል፤ የምጫወት መስሎታል። ማዕበሉ ገለበጠን። እኛን ዓሣ አጥማጆች አወጡን፤ ቡናው እዚያው ቀረ። ሰፈርተኛው «የውሃ ጋኔን ነው» አለ፤ ጠበል ተጠመቀ እንጂ ሐኪም ያሳየው የለም። እህቱ፣ አያትሽ፣ እንዲሁ ሆነች። የእኔንም የዕድሜ ነው ብለን ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግነው።

ባዮሎጂ ሳስተምር የዘር መመሪያው ዲኤንኤ ወደ ቅጂው አርኤንኤ፣ አርኤንኤ ሰውነትን ወደሚሠራው ፕሮቲን ብዬ ሰሌዳውን ጠርጌ እወጣ ነበር። ለካ በመሃል ሌላ አለ። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊሜትር በምታህል ትል ላይ ያሳወቁት፣ በ2024 ኖቤል የተሸለሙበት ማይክሮ አርኤንኤ ነው። 22 ገደማ የዘር ፊደላት ያሉት የአርኤንኤ ቁራጭ ሆኖ የዲኤንኤውን መመሪያ የሚያደርሰውን መልእክተኛ አርኤንኤ ይዞ ፕሮቲን እንዳያሠራ ያግደዋል። የጽንስ ልብም ጆሮም የሚበጀው በዚህ ልክ ነው፤ ልኩ ሲዛባ ካንሰር ሊመጣ ይችላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስፔን ቤተሰቦች ውስጥ ሚር-96 በተባለው ማይክሮ አርኤንኤ ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ መስማት እያደር እንደሚደክም፣ ከወላጅ ወደ ልጅም እንደሚተላለፍ ታወቀ። የውስጥ ጆሮ ፀጉር መሰል ሴሎች ያለ እርሱ በወጉ አይጎለምሱም።

የእኛም ይኸው ነው አላልሁም፤ ጆሮን የሚያደክሙ ጂኖች ከመቶ በላይ ናቸው። ኩክ ብቻም ሊሆን ይችላል። ብቻ ተመርመሪ። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን ተይው፤ ለእኔ ያው የዓይኔ ብርሃን ነሽ።

እናትሽ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀሽ አንቆርቁሪ ትልሻለች። እሺ በያት፤ ምንም እንዳታንቆረቁሪ። ያንን ማዳመጫ ከጆሮሽ አውጪው። የመስማት መለኪያ ያለው ሐኪም ፈልጊ፤ የአያትሽንና የአጎቴን ነገር ሳትደብቂ ንገሪው። በርበሬው ቅዳሜ ከአክስትሽ ጋር ይመጣል፤ መነኻሪያ ሄደሽ ተቀበያት። የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ በቃል «ደህና ነኝ» ብትዪኝ አልቀበልሽም።

አባትሽ