ከሹመቱ በፊት ያለው ታሪክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ሕይወት ያወጣችሁት ጽሑፍ ሹመቱንና ሽልማቱን ዘርዝሮ ውድቀቱን ዘሎታል። የሃርቫርዱን ቻርልስ ኤሊየትን እንውሰድ። የኬሚስትሪ መምህር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 የተመኙትን የፕሮፌሰርነት ወንበር ሌላ ሰው ወሰደባቸው። አኩርፈው አልተቀመጡም፤ አውሮፓ ተሻግረው የትምህርት ተቋማትን ሲያጠኑ ከረሙ። በ1869 ያው ሃርቫርድ ገና በ35 ዓመታቸው ፕሬዚዳንት አደረጋቸው፤ 40 ዓመት መሩት። ተማሪው የሚማረውን ራሱ እንዲመርጥ ያስፋፉት አሠራር (ዛሬ ማን ልብ ይለዋል!) ያኔ ብዙ አከራክሯል። እኔን ግን ከማዕረጉ ይልቅ የሚያጓጓኝ ያ የአውሮፓ ጉዞ ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ እንዲህ ያለው የመንከራተት ዘመንም ቦታ ቢሰጠው ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ