ከወንበር ሆኖ የሚነበብ ፊደል፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ለላይብረሪው ቴሌቪዥን ስኪን፣ ማለትም የስክሪኑን መልክ፣ መሥራት።

ነገሩ የጀመረው ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። የሰባት ዓመት የወላጆች በዓል፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ቪዲዮ በእጃቸው አለ። ሁሉም ግን በፍላሽና በአሮጌ ሀርድ ዲስክ ተበታትኗል። አንድ ተማሪ የታላቅ እህቱን የምረቃ ቪዲዮ ፍለጋ ሦስት ቀን ሲመላለስ አየሁት። ላይብረሪው ውስጥ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ላብ ውስጥ ደግሞ ማንም የማይነካው ኮምፒውተር ነበር። ሁለቱን በገመድ አገናኘንና ኮዲን ጫንን።

ኮዲ ነፃ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለኤክስቦክስ የጌም ማሽን ተብሎ ተጀመረ፤ ኮዲ የሚለውን ስም ያገኘው በ2014 ነው። ቪዲዮና ሙዚቃ አንድ ቦታ ሰብስቦ ቤት ውስጥ በሪሞት እንዲታይ ያደርጋል። እኛን የሳበን መልኩን እንዳለ መቀየር መቻሉ ነው። ያ መልክ ነው ስኪን የሚባለው። ስኪን ሲከፈት አንድ ፎልደር ነው፤ ውስጡ የኤክስኤምኤል ፋይሎች (ምን የት እንደሚቀመጥ የሚጻፍባቸው)፣ ምስሎችና ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) አሉ። ስክሪኑ ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ ተደርጎ ይታሰባል። ቁጥሩን ስትቀይር ጽሑፉ ቦታ ይቀይራል። ኮድ ጽፎ ለማያውቅ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ከባዶ አልተነሳንም። ከ17ኛው ዕትም ጀምሮ ከኮዲ ጋር የሚመጣውን ኤስቹዋሪ የተባለውን ስኪን ገልብጠን ስሙን ቀየርን። ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል። የሠሪዎቹን ስም መጥቀስና የራሳችንንም ሥራ በዚያው ፈቃድ ማካፈል አለብን። ልጆቹን ፈቃዱን አብረን እንድናነብ ስጠይቃቸው አንድ ሙሉ ቀን ሄደብን። አልቆጨኝም።

የመጀመሪያው መልክ የልጆቹ ነበር። ጀርባው የትምህርት ቤቱ በር ፎቶ፣ ላዩ ላይ ወርቃማ ጽሑፍ፣ ዙሪያው የሚያበራ መስመር። አላስቆምኳቸውም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሲከፈት ግን በአማርኛ የጻፍነው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። ስኪኑ የያዘው ፎንት የእኛን ፊደል አያውቅም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ነፃ ፎንት አውርደን ፎልደሩ ውስጥ አስገባን፤ በፎንት ፋይሉም ላይ ስሙን አስመዘገብን። ሳጥኖቹ ፊደል ሲሆኑ ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።

ደስታው እስከ ማግስቱ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ልጅ «ሉ ነው ሊ?» ብላ ጠየቀች። እኔም ከሩቅ መለየት አቃተኝ። ቀርባችሁ እዩት፤ ሉ ቅጥያዋ መሀል ላይ ነው፣ ሊ ደግሞ ታች እግሯ ላይ። ያቺ ትንሽ ጭረት ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ትጠፋለች። ለላቲን ፊደል የበቃው 25 መጠን ለእኛ አልበቃም። 30 ሞከርን፣ 34 ሞከርን፣ 36 ላይ ቆምን። ፊደሉ ሲያድግ ደግሞ ቃሉ ከሳጥኑ መውጣት ጀመረ። ስለዚህ ሳጥኖቹን አሰፋን፣ ከሰባቱ የሜኑ ምርጫዎች ሁለቱን አነሳን። የበሩን ፎቶ ራሳቸው ልጆቹ አጠፉት። ፊደሉን ሸፍኖታል አሉ።

ትርጉሙም ቀላል አልነበረም። ኮዲ የአማርኛ ጥቅል አለው፤ ሁሉንም ቃል ግን አይሸፍንም። «ፈልግ» ብለን ጻፍን። ሴቶቹ ልጆች «ለእኛስ?» አሉ። «ይፈልጉ» ስንል ደግሞ ለአንድ ቁልፍ በዛ። በመጨረሻ ትእዛዙን ሁሉ ወደ ስም ቀየርነው፦ ፍለጋ፣ ማጫወት፣ ማስተካከያ፣ በቅርብ የገቡ። ማንንም አንተም አንቺም አይልም።

ሥራው አለቀ ባልንበት ሳምንት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን ጥበቃችንን ጋበዝናቸው። ማውሱን ነቀልን፣ ሪሞቱን ሰጠናቸው። ቁጭ ብለው ሁለቴ ተጫኑ። ከዚያ ቆሙ።

«ልጆቼ፣ አሁን እኔ የት ጋ ነው ያለሁት?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ተመራጩ ቁልፍ ሰማያዊ ነበር፤ ሌሎቹም ሰማያዊ ናቸው፣ ትንሽ ደብዘዝ ያሉ። እኛ ስለሠራነው የት እንዳለን እናውቃለን። እሳቸው ግን የሚያዩት ከስክሪኑ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ላስተምር የሞከርኩትን ነገር ጋሼ በአንዲት ጥያቄ አስተማሩልኝ። በዚያው ሳምንት የተመረጠው ቁልፍ ሥር ቢጫ መስመር ገባ፣ ጽሑፉም ሲመረጥ ከፍ እንዲል ተደረገ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲባል ወዴት እንደሚኬድ በኮዱ ይነገራል። ያንን ሁሉ በፍሊፕ ቻርት ላይ በቀስት ስለን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሁለት ቀስቶች ወደ ሌለ ቁልፍ ያመሩ ነበር። ጋሼ በሁለተኛው ሙከራ የ2014 ዓ.ም.ን የወላጆች በዓል ራሳቸው አግኝተው ከፈቱ። እስኪያልቅም አዩት።

ከሁሉም የምወደው ሰዓቱን ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ 14:20 ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 8:20 ነው። ስኪን መደመርና መቀነስ አያውቅም። ይህ ከሆነ ያን አሳይ ማለት ግን ይቻላል። ኮምፒውተሩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አደረግንና 24 መስመር ጻፍን። 07 ከሆነ «ከጠዋቱ 1»፣ 13 ከሆነ «ከቀኑ 7»፣ 19 ከሆነ «ከምሽቱ 1»። ደቂቃው እንዳለ ይቀጥላል። 23 ላይ ስንደርስ ክርክር ተነሳ፤ ከምሽቱ 5 ነው ከሌሊቱ 5? የአማርኛ መምህራችን ተጠርተው መጡ። እንደየቤቱ ነው አሉና ሄዱ። ላይብረሪው በዚያ ሰዓት ዝግ ነው። ልጆቹ ግን ማንም ለማያየው መስመር ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። እኔም ደስ እያለኝ ሰማኋቸው። «ከምሽቱ» አሸነፈ።

ችግርም ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ ይሄዳል፤ አሁን ሁሉም በየመስመሩ ማስቀመጥ ለምዷል። አንድ ቀን የኤክስኤምኤሉ መዝጊያ ምልክት ተረስታ የመነሻው ገጽ አልከፈት አለ። ኮዲ ስህተትን የሚጽፍበት መዝገብ የመስመሩን ቁጥር ጽፎልናል፤ እኛ ግን ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የሚከፈተው መዝገቡ ነው። ስኪኑን ሳይዘጉ እንደገና መጫን የሚያስችለውን ትእዛዝ ኤፍ 5 በተባለው የኪቦርድ ቁልፍ ላይ ማሰራችንም ብዙ ጊዜ ቆጥቦልናል። ይህን ያገኘችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ለቪዲዮዎቹ ሁሉ ርዕስና ዓመት የጻፉት የሚኒ ሚዲያ ልጆች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ የሚያምር ባዶ መደርደሪያ ይኖረን ነበር።

የቀረው ቀኑ ነው። ሰዓቱ ሀበሻ ሆኖ ቀኑ አሁንም የፈረንጅ ነው። እንደ ሰዓቱ በሠንጠረዥ ልንጽፈው ሞከርን። ጳጉሜ ላይ ተሰናከልን፤ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች፣ እንቁጣጣሽም አንድ ቀን ትገፋለች። ይህ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል፤ ኮዲም ይቀበላል፣ ስኪኑ ውጤቱን አንብቦ ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሁለት ተማሪዎች ክረምቱን ፓይተን ሊማሩበት ደብተር ገዝተዋል። የላቡን ቁልፍ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከጋሼ ይቀበላሉ።